ድፎን የነካ እኔን ነካ

«ሰማህ? ኤሊ ገዛ አሉ።»

«ማን?»

«ይኼ ሰውዬ ነዋ! ስትሪፕ ላይ ያለው ትራፊክ አንሶት፣ ሳሎኑም ውስጥ ከፊቱ እየተጎተተ መንገድ የሚዘጋበት ፈለገ።»

ነገሩ የተነሣው ላስ ቬጋስ፣ ሃሪ ሪድ ኤርፖርት፣ የታክሲ ተራ ላይ ነው። እዚያ ተራ ላይ አማርኛ የማይሰማበት ሰዓት የለም። መኪናው ሰልፍ ይይዛል፣ ምላሱ ከሰልፉ ይረዝማል፤ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ አንድ ሰው ተመርጦ ይበላል። ከእኔ በፊት የተበላው ቱርክ ሄዶ ፀጉር ያስተከለው ነበር። እሱን ጨርሰው እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ እኔ መጡ፤ ወደ እኔ እንኳ አይደለም፣ ወደ ድፎ።

ድፎ ኤሊያችን ናት። ልጄ ለልደቷ ውሻ ጠየቀች። እናቷ «በዚህ ቤት ፀጉሩን የሚያራግፍ አባትሽ ይበቃል» አለች። ድርድሩ ኤሊ ላይ አለቀ፤ አትጮኽ፣ አታራግፍ፣ ሶፋ ላይ አትወጣ። ገና ሕፃን ናት፤ የድንጋይ ልብሷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ ከ10 ሳንቲሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። «ይቺን ብጣቂ ድፎ ማለት ምን ይሉታል?» ያላለ የለም። ስም የሚወጣው ለነገ ነው፣ ጎበዝ። ዘሯ ሱልካታ ይባላል። ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ግዙፎች ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛው ትልቅ የየብስ ኤሊ ነው፤ ደሴቶቹን ትተን ዋናውን ምድር ብቻ ከቆጠርን ደግሞ የሚበልጠው የለም። ወንዱ ሲጎለምስ 50 ኪሎ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ዛሬ ጭብጦ ብላት ነገ ስም ለማስለወጥ ፍርድ ቤት የምመላለሰው እኔው ነኝ።

«እስቲ በኪስህ ይዘሃት ና፣ እንያት» አለኝ የመርካቶው ልጅ።

«ዛሬ በኪሴ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን በአንተ ሚኒቫን ነው፣ የኋላውን ወንበር ከአሁኑ ንቀል።»

ሌላው ቀጠለ፤ «ቆይ፣ አሜሪካ ድረስ መጥተህ ኤሊ? ኤሊ አገር ቤት ጠፍቶ ነው?»

አልጠፋም፤ የሥጋ ዘመዶቿ እዚያው ናቸው። ሱልካታ ከሴኔጋልና ከሞሪታንያ ተነሥቶ፣ የሰሐራን ደቡባዊ ጠርዝ ይዞ፣ ሱዳንን አልፎ ኤርትራና ኢትዮጵያ ቆላ ድረስ የሚኖር ዘር ነው።

«እንግዲያው ሐበሻ ናታ! በዲቪ ነው የመጣችው?»

«እዚሁ የተፈለፈለች ናት። አማርኛዋ ግን ከልጆችህ ይሻላል፤ ዝም በይ ስትባል ዝም ትላለች።»

ሳቃቸው ሳይበርድ ጨመርኩላቸው። ከዱር የተያዘ ሱልካታ ለንግድ ወደ ውጭ እንዳይላክ በአራዊት ንግድ ስምምነቱ፣ በሳይተስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ኮታው ዜሮ ነው። በትውልድ ምድሩ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል፤ እዚህ አሜሪካ ግን በየጓሮው እየተራባ ተቀባይ አጥቷል። አገሩ ላይ ሲሳሳ ውጭ አገር የሚበዛ እሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አሁን ተረብ ላይ ነን፣ እንለፈው።

ሁሉም የሚወረውረው፣ ወርውሮም የራሱ ፈጠራ የሚመስለው ተረብ አንድ ነው፤ «ታድላ! ቤቷን ተሸክማ ትዞራለች፤ ሞርጌጅ የለባት፣ ሬንት የለባት!»

ቤት አይደለም፣ ወንድሜ፤ ገላዋ ነው። አከርካሪዋና የጎድን አጥንቶቿ ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ከላይ የሚታየው ንጣፍ የእኔና የአንተ ጥፍር ከተሠራበት ነገር ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን ደም የሚዞርበት፣ ሲነኩት የሚሰማ ሕያው አጥንት ነው። ጣት ሲያርፍባት ታውቃለች። ስለዚህ ለልደት ተብሎ ቀለም አትቀባም፤ እንዳትጠፋ በገመድ ልሰራት ብሎ ጠርዟን የሚበሳ ሰው ደግሞ አጥንት እየበሳ ነው። «ከቤቷ አውጣትና ራቁቷን እንያት» ላለው፤ «ቅድሚያ ለታላቅ ነው። አንተ መጀመሪያ ከጎድን አጥንትህ ውጣና አሳየን።» ሞርጌጅ የለባት ላለው ደግሞ የመብራት ሂሳቤን አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ አዘነ፤ ለካ በዚያው ሰሞን ልጁ «እኔስ?» እያለች ነበር።

ሂሳቡ ከየት መጣ? ሻጩ ዘንድ እንሂድ። ሰውዬው ምላሰኛ ነው፤ ታክሲ ተራ ቢያሰልፉት ከፊት ይቆማል። ከኤሊዋ ጋር ትንሽ የመስተዋት ሣጥን፣ ከረጢት አሸዋ፣ ሆድ የሚያሞቅ ባለ ገመድ ሰው ሠራሽ ድንጋይ፣ በደረቅ ፍራፍሬ ያሸበረቀ ጥራጥሬ ደረደረልኝ። «ይኼ ሁሉ ለእሷ ነው?» ብለው፣ «ጀማሪ ፓኬጅ ነው» አለኝ። እኔም፣ «ለማን ጀማሪ? ለሐኪሙ?» ብዬው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። ኤሊ መስተዋት የሚባል ነገር አይገባትም፤ ማዶው እየታያት መንገዱ እንቢ ሲላት ቀኑን ሙሉ በግንባሯ ስትገፋ ትውላለች። አሸዋውን ከምግቧ ጋር ትውጠውና አንጀቷ ይዘጋል። የሚሞቀው ድንጋይ ሆድ ያቃጥላል፤ ኤሊ በተፈጥሮዋ ሙቀት የምትጠብቀው ከላይ፣ ከፀሐይ ነው እንጂ ከሥሯ እየተጠበሰች መሆኑን ቶሎ አታውቅም። የሚያስፈልጋት ጎኑ የማያሳይ ሰፊ የፕላስቲክ ገንዳ፣ ከታች የረጠበ የኮኮናት ቃጫ፣ በአንድ ወገን መብራት፣ በሌላው ወገን ጥላና መደበቂያ ነው። መብራቱ ሥር ከ35 እስከ 38 ዲግሪ፣ ጥላው ላይ 27 አካባቢ፤ ሌሊቱም ለሕፃን ከ25 እምብዛም ባይወርድ። ሙቀት ራሷ አታመነጭም፤ ሲያሻት ወደዚያ፣ ሲበቃት ወደዚህ እየሄደች ትለካለች። ብርድ የያዛት እንደሆነ የበላችው ሆዷ ውስጥ ይቀመጣል፤ አፍንጫዋ አረፋ ይሠራል፤ ያኔ ሐኪም ነው፣ ያውም ተሳቢ እንስሳ የሚያውቅ ሐኪም፤ ውሻና ድመት ብቻ የሚያክም አይደለም።

«ላስ ቬጋስ ላይ ማሞቂያ?» ብለው ተንከተከቱ። «ውጭው 45 ዲግሪ ሲሆን ለኤሊ ማሞቂያ የሚከፍል ሰው ሲኦል ውስጥ ከሰል ይሸጣል።»

«ውጭውን ተወው። ቤትህ ውስጥ ኤሲውን ስንት ላይ ነው የምታደርገው? ሚስትህ በሐምሌ ጋቢ ደርባ ቴሌቪዥን ስታይ አይደለም እንዴ በቀደም ያገኘናት?»

ጸጥ አለ። ጋቢው እውነት ነበር።

ጋሼ የሚባሉ ሽማግሌ አሉን፤ ታክሲ ትተው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ወሬ ግን ጡረታ ስለሌለው አሁንም ተራው ጋ ይመጣሉ። «መብራት መብራት ትላላችሁ፤ መስኮት ሥር አኑራት፣ የእግዜር ፀሐይ በነፃ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። ችግሩ የመስኮቱ መስተዋት እግዜርን አይሰማም።»

ብርሃኑ ያልፋል፤ ዩቪቢ የሚባለው ጨረር ግን መስተዋቱ ላይ ይቀራል። ያ ጨረር ካልነካት ቫይታሚን ዲ አትሠራም፤ ዲ ከሌላት የበላችው ካልሲየም አጥንት አይሆንም፤ አጥንት ካልሆነ ድንጋይዋ ይለሰልሳል፣ እግሯ ይጣመማል። ለዚህ ነው ለብቻው የዩቪቢ አምፖል የሚገዛው፤ እሱም ቢበዛ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ዓይናችን ብርሃን ስላየ ጨረሩ አለ ማለት አይደለምና።

ይህን ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት ሳቀችብኝ። «አንተ ልጅ፣ ሕፃን ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ ይኼን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ ነበረብህ? አንተን ደጅ አስጥቼ አይደል ያሳደግኩህ?» እናቴ ስለ ጨረር አልተማረችም፤ በመስኮት በኩል ግን አስጥታኝ አታውቅም። ከታክሲ ተራው ሁሉ የበለጠ የኤሊ ሐኪም እሷ ናት ብዬ ነገርኳቸው። እናም ጠዋት ጠዋት ድፎም ደጅ ትሰጣለች፤ ከአጥር ውስጥ፣ ከላይ ወንፊት ሽቦ ተደርጎላት፣ ግማሹ ጥላ ሆኖ። ጥላ ያጣች ሕፃን ኤሊ በቬጋስ ፀሐይ ደቂቃዎች ይበቋታል። በጀርባዋ ከተገለበጠች ደግሞ ያው እሳቱ ላይ መቅረት ነው። ሽቦው ለቁራ ነው። ሞሃቬ በረሃ ውስጥ የሕፃን ኤሊ ቀንደኛ ጠላት ቁራ ነው፤ ከአንዱ ጎረቤት ቤት የሚመጣው ውሻ ደግሞ አጥንት ማላመጥ ይወዳል፤ እሷ ደግሞ ዙሪያዋን አጥንት ናት። «ውሻዬ እኮ ገር ነው» የሚል ባለቤት ሲያጋጥመኝ «ድፎም ገር ናት፤ ለዚህ ነው የማናስተዋውቃቸው» እለዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ እንምጣ። ተራው ላይ በእውነት የከበደኝ፣ አንድ ሰው ሳይስቅ የጠየቀኝ ነው። «የበረሃ እንስሳ ናት ትላለህ። ታዲያ ጠዋት ማታ ምን ታርሳታለህ? ገደልካት እኮ!»

መልሱ ረጅም ነው፤ መንገደኛም አልመጣም፤ ስለዚህ ዘረዘርኩት። የድሮ ኤሊ አርቢዎችም እንደ እሱ ነበር የሚያስቡት፤ በረሃ ነው፣ ይድረቅ። ያደረቋቸው ኤሊዎች ታዲያ ሲያድጉ ጀርባቸው ጉብ ጉብ አለ፤ እያንዳንዱ ንጣፍ ለብቻው ወደ ላይ እየሾለ ፒራሚድ ሠራ። ጥፋተኛው ፕሮቲን ነው ተባለና ምግቡ ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኦስትሪያ የወጣ ጥናት ይህንኑ ሱልካታ ወስዶ፣ ሕፃናቱን በተለያየ እርጥበትና በተለያየ ፕሮቲን አሳድጎ አወዳደረ። ፕሮቲኑ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር፤ ጉብታውን ያወጣው በዋናነት ደረቅ አየር ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ሲታሰብበት ደግሞ ግልጽ ነው። ሕፃን ሱልካታ በረሃው አናት ላይ ቆማ አታድግም። ዝናብ ሲመጣ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ሣር ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው ሕይወቷ፤ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ አየሩ እርጥብ ነው። በረሃ ላይ ትኖራለች እንጂ በረሃውን አትተነፍሰውም። እኛስ ብንሆን ቬጋስ ውስጥ የምንኖረው ቤት ውስጥ አይደለም እንዴ? ለመሆኑ ባለፈው ነሐሴ በእግሩ ሱቅ የሄደ ከመካከላችሁ ማነው?

ማንም እጁን አላወጣም።

ዓመቱን ሙሉ ላስ ቬጋስ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ቢጠራቀም 10 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ቁመቱ ድፎን የሚያክል ማለት ነው። በዚህ ላይ ኤሲው የቀረውን እርጥበት መጥጦ ይጨርሳል። እናም ቃጫው ሁልጊዜ ሥሩ እርጥብ ይሆናል፤ ገንዳው ከላይ በከፊል ይሸፈናል፤ በየቀኑም ትነከራለች። ለብ ያለ ውኃ፣ ቁመቱ ከአገጯ የማያልፍ፣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ።

ይኼኔ እትዬ ሰሙ። እትዬ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ ባለቤቴን ሊጠይቁ መጥተው ድፎን በሳፋ ውስጥ ተቀምጣ አገኟት። «አበስኩ ገበርኩ! ፀበል ነው የምታስጠምቃት?»

«አዎን እትዬ። ሰይጣኗ ድርቀት ነው።»

«ይጮኻል ታዲያ?»

«አይጮኽም፤ ግን ይወጣል። ይኸው ነጩን አዩት?»

ነጩ የሽንቷ ዝቃጭ ነው፤ ኤሊ ውኃ ላለማባከን ሽንቷን እንዲህ አድርጋ ታስወጣለች። ለስላሳ ሆኖ ሲወጣ ደኅና ናት፤ አሸዋ ሆኖ ሲወጣ ውኃ ጠምቷታል፤ ካልወጣ ደግሞ ፊኛዋ ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። እትዬ አፍንጫቸውን ይዘው፣ «እንዲህ ያለ ፀበል አይቼ አላውቅም» አሉ፤ ግን በሳምንቱ ደውለው «ልጅቷ ደኅና ወጣላት?» ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ሳፋው የድፎ ብቻ ነው። ይህን የምለው ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስለምታነብ አይደለም። ድፎ በወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አትገባም፣ ጀበናው ባለበት አታልፍም፣ አትሳምም። ኤሊ ታማ ሳትታይ ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። አሜሪካ ውስጥ ድንጋዩ 4 ኢንች ያልሞላ ኤሊ ለቤት እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከለከለውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ትንንሾቹን ልጆች አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ይታመሙ ነበር። አራት ኢንች ማለት 10 ሳንቲሜትር ከምናምን ነው፤ ድፎ መታወቂያዋን ይዛ ነው የመጣችው። ልጄ ከነካቻት በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠባለች። «እኔንስ ስትነካኝ ለምን አትታጠብም?» ብዬ ብጠይቅ፣ «አንተ ከአራት ኢንች በላይ ነህ» አለችኝ። ተረብ በደም ይወረሳል።

ምግቧን በተመለከተ ተራው ላይ ሁሉም ሼፍ ነው። «እንጀራ ፍርፍር ሞክርላት።» «ሙዝ ትወዳለች፣ ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ።» «የውሻ ምግብ ስጣት፣ ያፋፋታል።» እኔም አንድ በአንድ፤ እንጀራ የሰው ነው፤ ሙዝ መውደዷ እውነት ነው፣ አንተም ውስኪ ትወዳለህ፣ ሐኪምህ ግን ምን አለህ? የውሻ ምግብ ለመጣለት ደግሞ «አንተን ማን አፋፋህ ታዲያ?» ብዬ ዘጋሁት። ሱልካታ ሣር በሊታ ናት። ሣር፣ ድርቆሽ፣ እሾሁ የተላጨ የበለስ ቁልቋል፣ የሂቢስከስ አበባና ቅጠል፤ አለቀ። ፍራፍሬ አንጀቷን ያውካል። «ቆስጣስ?» አሉኝ እትዬ፣ የጾም ቆስጣቸው ዝነኛ ነውና። ቆስጣም ስፒናችም ካልሲየሙን አንቆ የሚይዝ ኦክሳሌት የበዛባቸው ስለሆኑ የዘወትር ምግቧ አይሆኑም። እትዬ ቅር አላቸው፤ ቆስጣቸው ሲነቀፍ የመጀመሪያው ነው። «ግን እትዬ፣» አልኳቸው፣ «ዓመቱን ሙሉ ሥጋ አትነካ፣ ወተት አትነካ፣ እንቁላል አትነካ፤ ከእኛ ሰበካ እንደ እሷ የጾመ አለ?» ፈገግ አሉ። «ቅዳሴ ግን አላየኋትም» አሉ። አሁን እኔ ተዘጋሁ።

ሣሩ ግን ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ነው የቬጋስ ተረብ ከእኛ ተረብ የሚብሰው። የደቡብ ኔቫዳ የውኃ ባለሥልጣን ሣሩን ነቅሎ ጠጠርና የበረሃ ተክል ለሚተክል ሰው ገንዘብ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የግዛቱ ሕግ ደግሞ ለጌጥ ብቻ የተነጠፈው የመንገድ ዳርና የሕንፃ ደጅ ሣር ከ2027 ጀምሮ ከኮሎራዶ ወንዝ ጠብታ እንዳይደርሰው ይከለክላል። የመኖሪያ ቤትን ጓሮ አይመለከትም፤ ጎረቤቴ ግን ይመለከታል። እሱ ነቅሎ ቼክ ሲቀበል እኔ ቤርሙዳ ሣር ስዘራ አይቶ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«አገር ሁሉ ይነቅላል፣ አንተ ትተክላለህ?»

«ያንተ ጌጥ ነበር፤ የእኔ ምሳ ነው።»

ሣሩ መድኃኒት እንዳልተረጨበት ደጋግሞ መጠየቅም ጥሩ ነው፤ የተረጨ ሣር አትበላምና።

«ብቻዋን አይከፋትም? ጓደኛ ግዛላት እንጂ» የሚሉት ደግሞ አሉ። እነዚህ አዛኞች ናቸው፣ አልተርባቸውም፤ ጥቂት ብቻ። ሁለት ሕፃን ኤሊ አንድ ገንዳ ውስጥ ሲገቡ ጓደኛ አይሆኑም። አንዷ ምግቡ ላይ ትቀመጣለች፣ መብራቱን ትይዛለች፣ ስትተኛም ላይዋ ላይ ትወጣባታለች፤ ሌላዋ ድምፅ ሳታሰማ እየመነመነች ትሄዳለች። እኛ ደግሞ «ሲያምሩ! ተቃቅፈው ተኙ» ብለን ፎቶ እናነሣለን። «ከሩምሜትህ ጋር ስትኖር እንዴት ነበርክ?» ብዬ ጠየቅኩት አንዱን። ስለ ፍሪጁ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ጉዳዩን ዳግም አላነሣም።

«ወንድ ናት ሴት?» ለሚለው ጥያቄ ገና መልስ የለም። ሱልካታ 30 ሳንቲሜትር አልፋ ካልሄደች ጾታዋ አይለይም፤ እንቁላል ውስጥ ሳለች የወሰነላት አፈሩ ነው፣ ሞቅ ካለ ሴት፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ። «ታዲያ ለምን እሷ ትላታለህ?» «ዝም ብላ ስትሰማኝ ሚስቴን አልመሰለችኝም፣ ግን ለጊዜው ይሁን ብዬ ነው።» (ይቺን ባለቤቴ አላነበበችም።) ጋሼ ይኼኔ ጣልቃ ገብተው «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። «ጋሼ፣ እሱ ለእኛ ተረት ነው፤ ለድፎ የሕይወት ታሪክ ነው» አልኳቸው።

ተረቡ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ድፎ የምታድግ ናት፤ ሳይስቁ የሚሰሙኝም እዚህ ላይ ነው። ሱልካታ ቆፋሪ ናት። ካደገች በኋላ ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ ትቆፍራለች፤ የሰው ቤት መሠረት ይሁን የመዋኛ ገንዳ ግድግዳ አትመርጥም። አጥር ስትገፋ አጥሩ ነው የሚያዝነው። ክረምት ላይ እንደ አካባቢው የበረሃ ኤሊ ወራትን ተኝታ አታሳልፍም፤ ስለዚህ የሚሞቅ ጎጆ ይሠራላታል። ታዲያ አምስትና ስድስት ዓመት አሳድጎ የሰለቸው ሰው ምን ያደርጋል? መኪናው ላይ ጭኖ በረሃ ወስዶ ይጥላታል። «ወደ ተፈጥሮዋ መለስኳት» ይላል። የእሷ ተፈጥሮ ቻድ ነው፣ ሱዳን ነው፣ እኛ ቆላ ነው፤ ሞሃቬ ላይ የክረምቱ ሌሊት ይጨርሳታል። ካልጨረሳት ደግሞ የሳምባዋን በሽታ ለባለ አገሩ ታወርሳለች። ባለ አገሩ የሞሃቬው የበረሃ ኤሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለመጥፋት ያሰጋል ተብሎ በፌደራል ሕግ የተጠበቀ። እሱን ከበረሃ አንሥቶ ቤት ማምጣት ወንጀል ነው፤ ከሰው እጅ የቀሩትን በማደጎ መውሰድ ይቻላል፣ ከ2013 ወዲህ ግን ኔቫዳ ውስጥ ለአንድ አሳዳጊ የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው።

«እኔ አልጥላትም» አለ የመርካቶው ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«አንተ ኤሊ የለህም እኮ።»

«ቢኖረኝ።»

እዚህ ላይ ነቃሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፉን ያልዘጋ ተራቢ ይኸው ነው፤ በኪስህ ይዘሃት ና ያለኝ። ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዲያው ለመሆኑ... ዋጋዋ ስንት ነው?» አለኝ።

«ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ ከአንድ ቀን ትርፍህ አይበልጥም። መብራቱ፣ ገንዳው፣ አጥሩ፣ ሐኪሙ ነው ውዱ።»

«እሱን እችላለሁ። ስንት ዓመት ትኖራለች?»

«ሰባ ዓመት ማለፍ ትችላለች።»

«ሰባ!»

«ምን አስደነገጠህ? ሴንት ሄለና ደሴት ላይ ጆናታን የሚባል ኤሊ አለ፤ ከሌላ ዘር ነው፣ ከግዙፎቹ። እ.ኤ.አ. በ1882 ወደዚያ ሲወሰድ ሙሉ ጎልማሳ ስለነበረ የተፈለፈለው 1832 አካባቢ ነው ይባላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ሰውዬው ሣር ይግጥ ነበር።»

«እኔ አሁን አርባ አምስት ነኝ...» ብሎ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«ቁጥሩን ተወው። የልጅ ልጅህን ስልክ ቁጥር ስጠኝና ለሻጩ ልንገረው፤ ኤሊዋን የምትረከበው እሷ ናት።»

«ምን የልጅ ልጅ? ገና አላገባሁም እኮ!»

«እንግዲያው እሱን መጀመሪያ ጨርስ፤ እሷ እንደሆነች አትቸኩልም።»